የጦስኝ ቅባት

ኢቲሳም ኑርዬ አዲስ አበባ የመድኃኒት ቅመማ ተምራ ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለሰችው በ2010 ክረምት፣ አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ሥራ አጥታ አልነበረም፤ አንድ የቅባት ፋብሪካ ሊቀጥራት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን «አባቴ ብቻውን ነው፤ አገሩም ከእንግዲህ ሰው ይሆናል» ብላ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የመጣ ብዙ ነው። የታሰረው ተፈቷል፣ የተሰደደው ይመለሳል፣ ለተማረ ወጣት መሥሪያ ቦታ ይሰጣል ይባላል። ለኢቲሳም በእርግጥም ተሰጣት። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የድሮ መጋዘን አንዲት ክፍል ለቀቁላት፣ ዓሣ ማቆያውን ፍሪጅ ጭምር።

በዚያው ዓመት ታላቅ እህቷ መስኡዳ ከጅዳ ገባች። ወጣትነቷን ሰው ቤት ስትሠራ ነው የጨረሰችው። ከመሄዷ በፊት መልኳ በከተማው የሚወራላት ልጅ ነበረች፤ ስትመለስም ፀሐይ ሳያያት ስለከረመች ይበልጥ ጠርታ መጣች። ብዙም ሳትቆይ አብዱልሰመድ የሚባል፣ እሱም ከሪያድ የተመለሰ የአምባሰል ሰው አገባት። ሁለቱ ተጋግዘው የግሸን ተጓዦች ከአውቶብስ ወርደው በእግር መውጣት ከሚጀምሩበት ቦታ ሱቅ ከፈቱ። ውሃ፣ ብስኩት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ጧፍ ይሸጣሉ። መስኡዳ ጧፉን ለተሳላሚ ስትሰጥ «ለኔም ለምኑልኝ» ትላለች። በዚያ አገር ይኼ ማንንም አይገርምም።

በሁለተኛው ዓመት አፍንጫዋ ጎን ላይ አንዲት ብጉር ወጣችባት። ብጉሯ አልፈነዳችም፤ እየሰፋች፣ እየቀላች፣ ላይዋ እየተቀረፈ ሄደች። የባሏ እናት አይተው «ቁንጭር ነው» አሏት። ቁንጭርን የደጋው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በገደል ስንጥቅ የምታድር፣ ድምፅ የሌላት ትንሽ ዝንብ ነክሳ የምትተወው በሽታ ነው። አንዳንዱ ላይ ቆይቶ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ ግን አፍንጫና ከንፈር ይበላል።

መስኡዳ ደሴ ወርዳ ታከመች። መርፌውን እዚያው ቁስሉ ውስጥ ነው የሚወጉት፤ ጅዳ ሳለች ከፎቅ ወድቃ እጇ ሲሰበር እንኳ ያላለቀሰች ሴት፣ ያኔ አለቀሰች። ቁስሉ ደርቆላት ነበር። ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ከበፊቱ ሰፍቶ። ደግማ ስትሄድ መድኃኒቱ አልቋል፣ ሲመጣ ይደወልልሻል አሏት። የደወለ አልነበረም። አብዱልሰመድም የዚያን ሰሞን «ትንሽ ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ዓረብ አገር ተመለሰ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር። በኋላ በቪዲዮ መደወሉን ተወና በድምፅ ብቻ ሆነ፤ ከዚያም እየራቀ ሄደ።

ኢቲሳም ትምህርቷን ስትጨርስ የጻፈችው ጥናት ስለ ጦስኝ ነበር። የጦስኝ ዘይት የቁንጭርን ተህዋሲያን በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ሲገድል አይታለች። ብርጭቆ ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይሞታል። ችግሩ ዘይቱ እንዲሁ ቁስል ላይ ሲደረግ ማቃጠሉ ነው፤ በሽታውን ሳይጨርስ ቆዳውን ይልጠዋል። የእህቷን ፊት ካየች በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ያለችውን ክፍል ለዚህ ብቻ አደረገቻት።

አባቷ አያ ኑርዬ ዕድሜያቸውን ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን መረባቸውን እየጠገኑ «ይኼ የምትሠሪው ነገር ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ» አሏት።

«አባ፣ የዓሣ እንቁላል ታውቅ የለ?»

«እንዴት አላውቅም።»

«ውስጧ ፈሳሽ ነው፣ ላይዋን ስስ ነገር ለብሳለች። የኔም እንደዚያ ነው፤ ግን በጣም ከማነሷ የተነሳ በዓይን አትታይም። ውስጧ የጦስኝ ዘይት አለ። ዘይቱ እንዲሁ ቁስል ቢነካ ያቃጥላል። እዚያች ፍሬ ውስጥ ሲገባ ግን ቆዳ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በሽታውን ይገድላል፣ ሰውየውን አያቃጥልም።»

«የሚለብሰውስ ከምንድን ነው?»

«ከግራር ሙጫና ከቆሮሶ ዓሣ ቆዳ። እናንተ ገፋችሁ ከምትጥሉት።»

አያ ኑርዬ መረቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አሰቡ። «እንግዲያው ሐላል ነው» አሉ።

እሷም ያሰበችበት ነገር ነበር። ከውጭ የሚመጣው ጀላቲን ከምን እንስሳ እንደወጣ አይታወቅም፤ የዓሣው ግን ለእስላሙም ለክርስቲያኑም አያስነውርም። ቆዳውን አጥባ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይታ ጀላቲኑን ታወጣለች። ሙጫውን ታሟሟለች። ሁለቱን ከዘይቱ ጋር በማማሰያው መሣሪያ እያሽከረከረች አሲድ ጠብ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከዚያ በረዶ ላይ ታስቀምጠዋለች። በማይክሮስኮፕ ስታየው እያንዳንዷ የዘይት ጠብታ ልባሷን ለብሳ፣ ክብ ሆና ትገኛለች። መጨረሻ ላይ ልባሱን የሚያጠነክር ዱቄት አለ። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ያ ዱቄት ካልገባ ልባሱ ሙቀት አይችልም፤ ይላላና ይፈርጣል፣ ዘይቱም በአንዴ ይወጣል። የሚበላሸው በዚህ ነው። መጀመሪያ የሠራችው ሁሉ እየፈረጠባት ተደፍቷል።

ጦስኙን የምታመጣላት ተሻለች የምትባል፣ ከመስኡዳ ሱቅ በላይ ካለው መንደር የምትኖር ገበሬ ናት። ባሏ ሞቶ ከአንዲት ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ጦስኙን ከገደሉ አፋፍ እየለቀመች፣ በነጠላ ጠቅልላ ሐይቅ ድረስ ታወርዳለች። አንድ ቀን ልጇን ለተብርሃንን ይዛት መጣች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ ያው ቁስል አለ።

«አንቺ ዶክተር፣ የኔን ጦስኝ ለማን ነው የምትቀቢው?» አለች ተሻለች።

«ዶክተር አይደለሁም፣ እትዬ ተሻለች።»

«ለሚድን ሰው ምን ቸገረው ስሙ።»

ኢቲሳም ለሚመለከተው ኮሚቴ አመልክታ፣ ብዙ ተመላልሳ፣ በጥቂት ፈቃደኞች ላይ ቅባቱን እንድትሞክር ተፈቀደላት። መስኡዳና ለተብርሃን ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። መስኡዳ ሱቁን ለባሏ ወንድም ትታ አባቷ ቤት ገባች። ቅባቱ ነጭ ነው፤ ሲቀቡት ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ወር ምንም የተለየ አልታየም። በሁለተኛው የቁስሉ ጠርዝ ማበጡ ቀነሰ። በሦስተኛው የለተብርሃን ጉንጭ መሐሉ ላይ አዲስ ሮዝ ቆዳ አወጣ። ተሻለች ልጇን ወደ ብርሃን እያዞረች ብዙ ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ኢቲሳምን ግንባሯን ሳመቻት።

መስኡዳ መስታወት ማየት የጀመረችው ያኔ ነው። አንድ ማለዳ «አፍንጫዬ እንደ ድሮው ቀጥ ይላል ብለሽ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ጠባሳ ይኖረዋል፣ እቴ።»

«ይኑረዋ። ጠባሳ ያለባት ሴት ስንት አለች።»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሰሜን ከተነሳ ዓመት ሊሆነው ነበር፤ ነገር ግን የሐይቅ ሰው ወሬውን የሚሰማው የሩቅ ዝናብ እንደሚሰማ ነበር። በ2014 መስከረም ወልድያን ለቆ የመጣው ተፈናቃይ በየትምህርት ቤቱ ሲሞላ፣ መንገዱም በወታደር መኪና ሲጨናነቅ ወሬው ወሬ መሆኑ ቀረ። ልባሱን የሚያጠነክረው ዱቄት ተልኳል ተባለ፤ አልደረሰም። ኢቲሳም ያላትን ዘይት በሙሉ አውጥታ፣ ዱቄቱን ሳታስገባ አንድ ዙር ሠራች። ፍሪጅ ውስጥ እስካለ ችግር የለውም፣ ዱቄቱ ሲመጣ አጠነክረዋለሁ ብላ በብልቃጥ አድርጋ አስቀመጠችው።

በጥቅምት መጨረሻ መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልክም ጠፋ። የመድፉ ድምፅ ከውጫሌ በኩል እየቀረበ ሲመጣ ጎረቤቱ ጥሎ ወደ ደሴ ሸሸ። አያ ኑርዬ «እኔ ከዚህ ውሃ ርቄ አልሞትም» ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ ልጆቻቸውም ጥለዋቸው መሄድ አልሆነላቸውም። ኢቲሳም ወደ መጋዘኑ ሮጣ ብልቃጦቹን አውጥታ በዘንቢል ይዛ መጣች። ለማይክሮስኮፑ ልትመለስ አስባ ነበር። አልተመለሰችም። ብልቃጦቹን ውሃ በሞላ እንስራ ውስጥ አጥልቃ ጓዳ ጥግ አስቀመጠቻቸው። ማታ ማታ ውሃው ይበርዳል። ቀን ቀን ግን ቆርቆሮው ሲግል ጓዳውም ይሞቃል።

ታጣቂዎች ገብተው ከተማውን ይዘው በቆዩበት ጊዜ ያ ቤት ሁለት ጊዜ ተፈትሿል። መጀመሪያ የመጡት ስልክና እህል ወስደው ሄዱ። በሁለተኛው ጊዜ ሦስት ነበሩ። አንዱ አያ ኑርዬን በሰደፍ ገፍቶ ደጅ አስቀመጣቸው። ሌላው ኢቲሳምን ክንዷን ያዛት። መስኡዳ ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ሻሿን ከፊቷ ላይ አነሳች፤ የቆሰለውን ፊቷን ወደ ሰውየው አስጠጋች።

«ተላላፊ ነው። እሷም አለባት፣ ገና አልወጣባትም እንጂ» አለችው።

ሰውየው የኢቲሳምን ክንድ ለቀቀ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወጡ። መስኡዳ ሻሿን መልሳ ለበሰች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

በኅዳር መጨረሻ ታጣቂዎቹ ወጡ። ኢቲሳም መጋዘኑን ልታይ ሄደች። በሩ የለም። ፍሪጁ የለም፣ ማማሰያው የለም፣ ዘይት ማውጫው የለም፣ ማይክሮስኮፑ የለም። የማይረባቸው ነገር ሁሉ መሬት ላይ ተሰባብሯል። አንድ የዓሣ አስጋሪ «ማን እንደወሰደው ማን ያውቃል፤ እነሱም ወስደዋል፣ ከነሱ በኋላ የገባውም ወስዷል» አላት። ደሴ ያለው የሕክምና ቦታም ባዶውን እንደቀረ ሰማች። መርፌ ቀርቶ ጓንት የለም ተባለ።

መብራት ገና ሳይመጣ ተሻለች ልጇን በጀርባዋ አዝላ ደረሰች። መኪና ስላልነበረ ከአምባሰል በእግሯ ነው የመጣችው። የለተብርሃን ጉንጭ ሕክምናው በተቋረጠባቸው ሳምንታት ተመልሶ አብጦ፣ ሮዝ የነበረው ቆዳ ተሰንጥቋል። ቁስሉ ወደ ዓይኗ ጠርዝ ቀርቧል።

«ትንሽም ቢሆን የለሽም?» አለች ተሻለች። «ያቺ ነጯ።»

ኢቲሳም ብልቃጡን ከእንስራው አወጣችው። መልኩ አልተለወጠም። ሸተተችው። ድሮም ጦስኝ ጦስኝ ይላል፤ አሁን በርትቷል ወይስ እኔ ነኝ ያበረታሁት ስትል አሰበች። ማይክሮስኮፕ ቢኖር አንድ ጠብታ አይታ ትጨርሰው ነበር፤ ፍሬዎቹ ክብ ከሆኑ መድኃኒት ነው፣ ፈርጠው ከሆነ መርዝ ነው። ክንዷ ላይ ቀባችው። ምንም አልተሰማትም። ጤነኛ ቆዳ ግን አይናገርም።

«እትዬ ተሻለች፣ ይኼ ነገር ሙቀት አግኝቶት ይሆናል። ደህና መሆኑን አላውቅም።»

«እንዴት ነው የሚታወቀው?»

መስኡዳ ከውስጥ ወጣች። «ቁስል ላይ ነዋ የሚታወቀው» አለች። «እኔ አለሁ አይደል። ቀቢኝ።»

«እቴ፣ ቢያቃጥልሽስ?»

«ካቃጠለኝ እነግርሻለሁ።»

ኢቲሳም በጣቷ ጫፍ ወስዳ የቁስሉን ግማሽ ቀባቻት። መስኡዳ በረንዳው ላይ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ፀሐይ ከበረንዳው እስክትሸሽ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ አለቀሰ፤ አፍንጫዋ ከታመመ ወዲህ ግን ዓይኗ ሁልጊዜም ያለቅሳል። ኢቲሳም ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየችው። ቀልቷል። ሁልጊዜም ቀይ ነው።

«እንዴት ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ምንም አያቃጥልም?»

«አብሽሪ። እንደ ድሮው ነው።»

ኢቲሳም እፎይ አለች። በዚያ ክረምትና በዚያ መኸር አንድ ነገር ሳይበላሽ ተርፎላታል ማለት ነው። ለተብርሃንን እናቷ ጭን ላይ አስቀምጣ፣ ጉንጯን በንጹሕ ውሃ አጥባ፣ እስከ ዓይኗ ጠርዝ ድረስ ቀባቻት። ልጅቱ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ከዚያ መጮህ ጀመረች። ተሻለች ይዛት ልትቆይ ሞከረች፤ ልጅቱ ግን በእጇ ጉንጯን አሽታ ወደ ዓይኗ አስገባችው።

ውሃ ደፉባት። ዘይት በውሃ አይለቅም። ኢቲሳም የወጥ ዘይት በጨርቅ እያደረገች መጥረግ ያዘች፤ «አብሽሪ የኔ እናት፣ አብሽሪ» እያለች። ጠርጋ እስክትጨርስ ጉንጩ ቀልቶ አብጦ ነበር። በማግስቱ ቆዳው ውሃ ቋጠረ። ወደ ደሴ ቢወስዷት በር የሚከፍት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ኢቲሳም የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ማር ቀባች፣ ተቀቅሎ በደረቀ ጨርቅ ሸፈነች፣ ያላትን የሕመም ማስታገሻ በሙሉ ሰጠች። ተሻለች ሳምንት ሙሉ ልጇን ይዛ አያ ኑርዬ ቤት ተቀመጠች። አንድም ጊዜ አልተራገመችም። ልጅቱን አዝላ የምትሄድ ቀን ብቻ፣ ደጅ ቆማ «ጦስኙን የለቀምኩት እኔ ነኝ» አለች። ለማን እንደተናገረች አልታወቀም።

ከሄዱ በኋላ ኢቲሳም ወደ እህቷ ክፍል ገባች። መስኡዳ ሻሿን አውርዳ ነበር፤ ከሰባት ቀን በፊት በተቀባችው በኩል አፍንጫዋ ተልጧል። ይህን ሁሉ ቀን ሻሿን ሳታወርድ ነው የከረመችው።

«እቴ፣ አቃጥሎሽ ነበር?»

መስኡዳ «እንደ እሳት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትደፊዋለሽ። ሌላ የለኝም ኢቲሳም። መርፌ የለም፣ ሐኪም የለም። ቢያቃጥልም ይገድለው ይሆናል አልኩ።» ቀጥላም «ልጅቱን እንደምትቀቢያት ረስቼ ነው ልልሽ ነበር። ውሸት ነው። አልረሳሁም። ብቻ ስለ እሷ አላሰብኩም» አለች።

ኢቲሳም ልትጮህባት አፏን ከፈተች። ክንዷን ለቅቆ እጁን ሱሪው ላይ የጠረገው ሰው ዓይኗ ላይ መጣባት። አፏን ዘጋች። እሷም በዚያ በረንዳ ላይ ቁስሉን ስታይ ቀይ መሆኑን አይታለች፤ የእህቷንም እንባ አይታለች። የፈለገችውን መልስ ነበር የሰማችው። ይህንንም ለእህቷ አልነገረቻትም። ብልቃጦቹን ሰብስባ ከቤቱ ኋላ ጉድጓድ ቆፍራ ደፋቻቸው።

መንገድ ሲከፈት ራሷ ሄዳ ለኮሚቴው የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ሰዎቹ አልተቆጧትም፤ ጦርነት ነው አሉ፣ ያሳዝናል አሉ። ፈቃዱን ግን አነሱት። ክፍሏን ያገኘችበት የወጣቶች ፕሮግራምም በዚያው ዓመት ተዘጋ። መጋዘኑ ውስጥ የተፈናቃይ እህል ገባበት። ኢቲሳም አስፋልቱ ዳር ባለ የሌላ ሰው መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የራስ ምታትና የጨጓራ ክኒን መሸጥ ጀመረች።

የመስኡዳ ቁንጭር ወደ ውስጥ ገባ። መርፌው በ2015 መጥቶላት፣ ሙሉውን ዙር ተወግታ በሽታው ቆመ። ይሁን እንጂ የአፍንጫዋ አጥንት ከመሐል ሟሙቶ ነበርና የቀረውን ይዞ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ድምፅዋም ተለወጠ፤ ስልክ ስታነሳ ሰው «ማን ልበል?» ይላታል። አብዱልሰመድ አንድ ጊዜ ደውሎ እንዲህ አላት። ማንነቷን ስትነግረው ኔትወርኩ አስቸግሮኛል ብሎ ዘጋ። ከዚያ ፍቺውን በሰው ላከ። እሷም በሰው ተቀበለች።

አያ ኑርዬ አንድ ቀን ከሶላት በኋላ መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ኢቲሳምን ጠሯት። «አላህ ያየውን ሰው አላየውም። ግን ልጅቷ ዘንድ መሄድ አለብሽ» አሏት።

«ምን ይዤ ልሂድ፣ አባ?»

አያ ኑርዬ ተነስተው መስገጃቸውን አጠፉ።

በ2016 ምክንያት ተገኘ። የተቃጠለ ፊትና የተሸበሸበ የዓይን ቆብ የሚጠግኑ ሐኪሞች ከሩቅ አገር ወደ ደሴ ይመጣሉ፣ የሚቆዩትም ጥቂት ቀን ነው ተባለ። የለተብርሃን የታችኛው ቆብ በጠባሳው ተስቦ እንደቀረ፣ ተኝታም ዓይኗ እንደማይከደን ኢቲሳም ከገበያተኛ ሰምታ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጦርነት ገብቷል። ወደ አምባሰል የሚወስደው መንገድ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፤ ጫካው የአንዱ ነው፣ ከተማው የሌላው። ኢቲሳም መናኸሪያ እየወጣች ስትመለስ ከርማ፣ መኪና በተገኘበት ቀን ተሳፈረች፤ ከዚያ በእግሯ ወጣች። የመስኡዳ ሱቅ የነበረበት ቤት በሩ ተገንጥሎ ተወስዷል። ተሳላሚም አልነበረም።

ተሻለች የገብስ ማሳዋ ላይ አረም ስትነቅል አገኘቻት። ቀና ብላ አየቻት፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ደህና መጣሽ፤ ግቢ» አለቻት። ቤት ውስጥ አስቀምጣ የገብስ ቆሎና ውሃ አቀረበችላት። ለተብርሃን ከምሰሶው ኋላ ቆማ ነበር። አድጋለች። ግራ ዓይኗ ተገልጦ፣ ቀልቶ፣ ያለማቋረጥ ያነባል። ኢቲሳምን ስታይ አልሸሸችም፤ ፊቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ትምህርት ቤት ትሄዳለች?»

«ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ክፍት ሳለም አቧራው ዓይኗን እየገባባት ትታዋለች። ልጆቹም አያስቀምጧት።»

ኢቲሳም ስለ ሐኪሞቹ ነገረቻት። ቆቡን መልሰው እንደሚሰፉት፣ ካልተሠራ ግን ዓይኗ እየደረቀ ሊጠፋ እንደሚችል፣ የመኪናውንም የማደሪያውንም ወጪ እሷ እንደምትችል ነገረቻት። ተሻለች አላቋረጠቻትም።

«ኢቲሳም፣ አንቺን ክፉ ነሽ ብዬ አላውቅም» አለች መጨረሻ ላይ። «ሰው ሲጠይቀኝም አላልኩም። ልጄን ግን አልሰጥም።»

«እኔ አይደለሁም የምነካት፣ እትዬ ተሻለች። ሌሎች ናቸው፤ የታወቁ ናቸው፤ ደህና ሰዎች ናቸው።»

«ያኔም ለደህና ሰው ነው የሰጠኋት።»

ኢቲሳም ደጋግማ ለመነቻት። ተሻለች አልተቆጣችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም፤ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ኢቲሳም ለለተብርሃን ልትነግራት ወደ ምሰሶው ዞረች። ልጅቱ ግን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ጭና ቆማለች። ተሻለች እስከ ማሳው ጫፍ ሸኘቻት፣ መንገዱ ላይ ሰው ካስቆመሽ ወደ ሐይቅ ነኝ በይ እንጂ ከየት እንደመጣሽ አትናገሪ ብላ መከረቻት፣ ተመልሳም ወደ አረሟ ገባች።

አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ እስኪመጣ ብዙ ጠበቀች። የመጣው ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱ ሰውን ጠጋ ጠጋ አስደርጎ በሩ አጠገብ አስገባት። ሐይቅ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። መስኡዳ ደጅ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ትመጣለች?» አለቻት በዚያ በተለወጠ ድምፅዋ።

«አትመጣም።»

መስኡዳ ሻሿን አጥብቃ ወደ ውስጥ ገባች። ኢቲሳም ጫማዋን በር ላይ አወለቀችና ተከትላት ገባች።